ለሬሽና የተሳቀ ሳቅ

ፕራንጃል የኢንዱማቲን ደጃፍ ከረገጠ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። ስለዚህ አንድ የክረምት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጃንጥላ ይዞ በሩ ላይ ሲቆም፣ መጀመሪያ የመጣባት አንድ የሚያውቁት ሰው ሞቷል የሚል ሐሳብ ነበር።

«ታይ፣ አልረሱኝም አይደል?» አለና ጎንበስ ብሎ እግሯን ነካ። ስቱዲዮ ውስጥ ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ፣ ታላቅ እህታቸው የሆነች ይመስል፣ ሁሉም «ታይ» ነው የሚላት።

«አንተን መርሳት? ስንት ሰሃን ፖሃ እንደጨረስክብኝ ይኼ ግድግዳ ይመሰክራል» አለችው።

እውነቷን ነው። ፕራንጃል ከጃባልፑር ተነሥቶ የፊልም ጸሐፊ ለመሆን ሙምባይ የመጣ ጊዜ፣ ሥራ እስኪያገኝ ሁለት ዓመት ያህል ሆዱ የሚያርፈው እሷ ቤት ነበር። በልቶ ሲጠግብ ወሬ ያስወራታል። እሷም የስቱዲዮውን ጉድ ሁሉ ታወራለታለች። ኋላ ሥራው ሲሠምርለት እግሩን ሰበሰበ። ኢንዱማቲ አልተቀየመችውም፤ የፊልም ሰው እንዲህ ነው ብላ ተወችው።

አሁን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የመጣበትን ነገር ነገራት። «የውሸት ከተማ» የሚባል ፊልም ጽፏል፤ ቀረጻው አልቋል። በራሳቸው በፊልም ሠሪዎቹ ላይ የሚስቅ ኮሜዲ ነው።

«ሃምሳ ዓመት ሞልቶት የኮሌጅ ተማሪ ሆኖ የሚጫወት ጀግና አለ። ኮከብ ቆጣሪ ሳይፈቅድለት ካሜራ የማያስነሳ ፕሮዲዩሰር አለ። የውጭ ፊልም ማታ አይቶ ጠዋት ‹ሐሳብ መጣልኝ› የሚል ዳይሬክተር አለ። እና ደግሞ፣ ታይ፣ ለተዋናይት ድምፅ የምታውስ ሴትዮ አለች።»

«እኔ ነኛ።»

«የእርስዎ ቢጤ» አለ ፕራንጃል ጃንጥላውን እያየ። «የምትጫወታት የካልካታ ልጅ ናት፤ ትወናዋ ግሩም ነው፣ ሂንዲዋ ግን ይሰነካከላል። ድምፅ ይስጡልን ብዬ ነው። ስምዎ ስክሪን ላይ ይወጣል፤ ለብቻው።»

ይኼን ጊዜ ኬታኪ ከጓዳ ብቅ አለች። ኬታኪ የኢንዱማቲ አንድ ልጅ ናት፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ ባንክ ትሠራለች። «ስሟ? እውነት ስሟ ይጻፋል?» አለች።

«ይጻፋል።»

ኬታኪ ሌላ አልጠየቀችም። ወደ ጓዳ ተመልሳ ዝንጅብል ስትወቅጥ ታንጎራጉር ነበር።

ኢንዱማቲ ሃያ ስምንት ዓመት በዚህ ሥራ ስትኖር ስሟ አንድ ቀን ተጽፎ አያውቅም። ከሠራቻቸው ፊልሞች አሥራ አራቱን የሠራችው ለተዋናይቷ ለሬሽና ነው። ሬሽና ለንደን ያደገች ቆንጆ ነበረች፤ ሂንዲ ስትናገር ሹፌሯ እንኳ ፊቱን አዙሮ ይስቅ ነበር። ስክሪኑ ላይ ግን በኢንዱማቲ ድምፅ ታለቅሳለች፣ ትማጸናለች፣ ትስቃለች። በተለይ ሳቋ አገር ያበደለት ነበር። ኢንዱማቲ ይኼን ለማንም እንዳትናገር ፈርማለች። ሬሽና የዓመቱን ሽልማት የተቀበለች ቀን ፀጉር ሠሪዋንና ውሻዋን አመሰገነች። ኢንዱማቲና ኬታኪ ያንን በቴሌቪዥን እያዩ ነበር፤ ኬታኪ ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

ሥራው ሰኞ ተጀመረ። ድምፅ የሚቀዳው ሎቦ ነው፤ የጎዋ ሰው፣ ፀጉሩ ጥጥ የመሰለ፣ ከኢንዱማቲ ጋር ያረጀ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ። የሃምሳ ዓመቱ ጀግና ፈተና ወድቆ እናቱ እግር ሥር ሲንበረከክ፣ እናት ሆና የምትጫወተው ተዋናይት በዕድሜ ከሱ ታንሳለች። ኮከብ ቆጣሪው ዝናቡ እንዲቆም ሲያዝ ዝናቡ ይብስበታል። ሎቦ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ልጁ ጎበዝ ነው» አለ።

ድምፅ የምታውሰዋ ሴትዮ ግን ሌላ ነበረች። ስሟ ባብሊ ነው። ሆዷ ላይ ትራስ አስረውባታል፤ በፍቅር ቃልና በፍቅር ቃል መካከል ሳምቡሳ ትጎርሳለች፤ እጇን በሳሪዋ ትጠርጋለች። ኢንዱማቲ እድሜዋን ሙሉ ከስቱዲዮ ሳትወጣ እህል ቀምሳ አታውቅም፤ ድምፅ ያበላሻል። ቢሆንም ተወችው። ኮሜዲ ነው፣ ትንሽ ይጨመርበታል አለች።

በሦስተኛው ቀን ያልጠበቀችው ትዕይንት መጣ።

ባብሊ ማይክ ፊት ቆማለች። ስክሪኑ ላይ ጀግናዋ በረዶ ተራራ ላይ ከባሏ ጋር እየተሯሯጠች ነው፤ ባብሊም ትስቅላታለች። በሩ ይከፈትና አንድ ሰው፣ «ባልሽ ሆስፒታል ነው፣ ይጠራሻል» ይላል። ባብሊ አንድ ጣቷን ታነሣለች፤ አንዴ ብቻ ማለቷ ነው። ትስቃለች። በሩ እንደገና ይከፈታል፤ «ልቡ ደክሟል፣ ቶሎ በይ» ይላታል። ጣቷን ታነሣለች፣ ትስቃለች። በሦስተኛው፣ «አረፈ» ይላታል። ባብሊ ሳቋን ጨርሳ ማዳመጫውን ታወልቅና ቀጂዎቹ ከኋላው ወደሚታዩበት መስተዋት ዞራ፣ «ተወደደ?» ትላለች።

ሎቦ ማሽኑን አቆመው። ወደ ኢንዱማቲ አላየም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ያንን በር የከፈተው እሱ ነበር።

የዚያን ቀን የሬሽና ፊልም ሊወጣ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። የበረዶው ሳቅ ብቻ ነው የቀረው። ፕሮዲዩሰሩ ከመስተዋቱ ኋላ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ሎቦ በሩን ከፍቶ፣ «ታይ፣ ልጅሽ ደውላ ነበር። ዋማን ታሞ ሆስፒታል ገብቷል፣ ነይ ትላለች» አላት። ኢንዱማቲ ባሏ በልቡ እንደሚታመም ታውቃለች፤ ከዚያ በፊትም ሁለቴ ገብቶ ወጥቷል። ፕሮዲዩሰሩን አየችው። «ይኼን ብቻ ልጨርስ» አለች። ይኼ ብቻ ያለችው አርባ ደቂቃ ወሰደ፤ ከዚያ ደግሞ መንገዱ ተዘጋ። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ስትደርስ ዋማን ካረፈ ሩብ ሰዓት ሆኖታል። ኬታኪ ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ የአባቷን መነጽር ይዛለች።

«ለምን ቆየሽ?» አለቻት።

«መልእክቱ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ» አለች ኢንዱማቲ።

ያቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሣቻትም፤ ልጅቷም ደግማ አልጠየቀችም። እውነቱን የተናገረችው አንዴ ብቻ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለፕራንጃል ነው። ሲሰማት አልቅሶ ነበር። ደግ ልጅ ነው ብላ ነበር።

አሁን ከቀረጻው ክፍል ወጥታ ፕራንጃልን ደረጃው ላይ አገኘችው።

«እኔ ያንን ስነግርህ እንድትጽፈው ነበር?»

«ታይ፣ እርስዎ መሆንዎን ማንም አያውቅም።»

«ኬታኪ አባቷ ሲሞት የት እንደነበርኩ ታውቃለች። ስስቅ እንደነበርኩም ታውቃለች። ሰምቼ መቅረቴን ብቻ ነው የማታውቀው።»

ፕራንጃል ወደ ላይኛው ፎቅ አመለከተ። «ካይዛድን ያነጋግሩት፤ ፊልሙ የሱ ነው» አላት።

ዳይሬክተሩ ካይዛድ ገና ጎልማሳ፣ ጨዋ ሰው ነው። ስትገባ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣት፤ የሚበላውን ፓፓያም አቀረበላት። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ትዕይንቱ ይቅር አላለችም። የመጀመሪያው መልእክት ለባብሊ አይድረሳት፤ በሩ ይዘጋ፣ ሰውየው ደጅ ይቅር፣ ሲሞት ብቻ ትስማ። በድምፅ ብቻ ማስተካከል ይቻላል፣ እሷ ታውቃለች፣ እንዴት እንደሚደረግም ነገረችው።

«ታይ፣ ካልሰማች ምኑ ያስቃል?» አለ ካይዛድ በለሆሳስ። «ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ በመሳቁ ያፍራል። የፊልሙ ልብ እኮ ይኼ ነው።»

«ማን ነው የሚያፍረው?»

«ኢንዱስትሪው። ሁላችንም።»

«ሬሽና ፊልሙ ውስጥ አለች አይደል?»

«አለች፤ በገዛ ስሟ ትወጣለች። ‹እኔ እኮ አንድ ቃል ሂንዲ አልችልም› ብላ በዓይኗ ትጠቅሳለች። በራሷ ለመሳቅ የማትፈራ ሴት ናት።»

«ሌላ ስለሷ የተጻፈ ነበር?»

«ሁለት ትዕይንት ነበር። ደስ አላላትም፣ አወጣነው። ግን እሷ…»

«ግን እሷ ሬሽና ናት» አለች ኢንዱማቲ።

ካይዛድ ፓፓያውን ገፋ አድርጎ ከፈለገች ሌላ ሰው እንደሚፈልጉ፣ እንደማይቀየሟት ነገራት። «ስሙ ግን ያው፣ የሠራው ሰው ስም ነው የሚሆነው» አለ።

ወደ ታች ወረደች። ሎቦ እየጠበቃት ነበር።

«ማሽኑ ተበላሸ ልበላቸው?» አላት። «ለዛሬ ያመልጥሻል።»

«ነገስ?»

ኢንዱማቲ ማዳመጫውን አጠለቀች። ስለ ስሙ ነው እንዳይባል፣ ስሙን ያን ጊዜ ረስታዋለች። ልጄ ትጎዳለች እያለች አእምሮዋ ውስጥ ሌላ ነገር ይመላለስ ነበር፤ ሌላ ሴት ብትስቀው ሳቁ ይበላሻል። ያ ሳቅ የት ላይ እንደሚነሣ፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥረው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ይኼን ማሰቧ ከሁሉ ይልቅ አሳፈራት። ሳቀች። በአንድ ጊዜ አለቀ፤ መድገም አላስፈለገም። ሎቦ እስኪጨርስ ድረስ ቀና አላለም።

ፊልሙ የወጣው ከአራት ወር በኋላ ነው። በነዚያ አራት ወራት ኢንዱማቲ ለኬታኪ ልንገራት ያላለችበት ቀን የለም። እራት ላይ እላለሁ ትላለች፤ ኬታኪ ደክሟት ትመጣለች። እሑድ እላለሁ ትላለች፤ እሑድ ኬታኪ ትስቃለች፣ ትጫወታለች። ኬታኪ ለባንክ ጓደኞቿ አሥራ አንድ ትኬት ቆረጠች። ለእናቷ ሰማያዊ ሳሪ ገዛች።

የእሑድ ከሰዓት ትርዒት ነበር። ባቡሩ ላይ ኢንዱማቲ፣ «ኬታኪ፣ ፊልሙ ውስጥ አንድ ነገር አለ…» ብላ ጀመረች።

«አትንገሪኝ፣ ታሪኩን ታበላሺብኛለሽ» አለች ኬታኪ እየሳቀች።

ሲኒማ ቤቱ ሞልቷል። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ከኬታኪ ወዲያ ነው የተቀመጠው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው። ባብሊ ሳምቡሳዋን ይዛ ስትገባ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ኬታኪ እጇን እናቷ ጉልበት ላይ አድርጋ ጆሮዋ ሥር፣ «ይቺ ግን አንቺን አትመስልም፤ ሳቋ ብቻ ነው ያንቺ» አለቻት።

በረዶው መጣ። በሩ ተከፈተ፤ ባብሊ ጣቷን አነሣች። ሰው ሳቀ፤ ኬታኪም ሳቀች። በሩ ዳግመኛ ተከፈተ፤ ጣቷን አነሣች። ኬታኪ አሁንም ሳቀች፣ ግን ከሰው ዘግይታ። በሦስተኛው «ተወደደ?» ሲባል ሥራ አስኪያጁ እንባውን እየጠረገ፣ «እናትሽ ጉደኛ ናት፣ ገደለችኝ» አላት። ኬታኪ የቦርሳዋን ማንገቻ ለማስተካከል እጇን ከእናቷ ጉልበት አነሣች። መልሳ አላሳረፈችውም።

ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ተነሣ። ኬታኪ አልተነሣችም። ከታች ወደ ላይ የሚወጣውን ስም ሁሉ፣ የመብራቱን፣ የሹፌሩን፣ የምግብ አቅራቢውን፣ አንድ በአንድ አነበበች። የእናቷ ስም ለብቻው አልነበረም፤ ከአርባ ስም መሐል፣ አንድ ፊደል ተሳስቶ ወጣ። የባንኩ ሰዎች አዩትና አጨበጨቡ። ኢንዱማቲ እጇን ገጥማ እጅ ነሣች። ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

ባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ባቡር አሳለፉ።

«በስንት ሰዓት ነው የነገሩሽ?» አለች ኬታኪ።

ኢንዱማቲ፣ ፊልም ነው እኮ፣ የተጋነነ ነው ልትል አፏ ደርሶ ነበር። «ስምንት ሰዓት ከአሥር» አለች።

«ወዲያው ማለት ነው።»

«ቶሎ የምጨርስ መስሎኝ ነበር።»

«ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት ነበረ፤ ስልኩ እዚያ ነው» አለች ኬታኪ። የምትናገረው ለሐዲዱ ይመስላል። «አንድ ሰውዬ ቀድሞኝ ይዞታል። ስለ ሰርግ ድንኳን ነበር የሚያወራው፤ ስንት ምሰሶ፣ ምን ዓይነት ቀለም። ሃያ ደቂቃ ቆሜ ጠበቅሁት። አባቴ እየሞተ ነው፣ ስልኩን ስጠኝ ማለት አፈርኩ። መልእክቱ ዘግይቶ ደረሰኝ ስትዪኝ፣ ያዘገየሁት እኔ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት።»

ኢንዱማቲ ወደ ልጇ ዞረች። «ይኼን አላውቅም ነበር።»

«እንዴት ታውቂያለሽ። ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

«ኬታኪ…»

«አባዬ ‹ኢንዱ የት አለች?› ሲለኝ ‹መልእክቱ ስላልደረሳት ነው እንጂ ትበር ነበር› አልኩት። እኔ ነኝ መጀመሪያ ያልኩት። አንቺ ኋላ መጥተሽ ያንኑ ስትዪ እውነት ነው ብዬ አመንኩ።»

ሦስተኛው ባቡር መጣ። የሴቶቹ ፉርጎ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ነበር የተገኘው። ኬታኪ እናቷን አስቀምጣ እሷ በሩ አጠገብ ቆመች፤ በመንገድ ላይ ሰው ወርዶ ሦስት ወንበር ባዶ ቢሆንም እስከ ሰፈራቸው እዚያው ቆማ ሄደች።

«የውሸት ከተማ» ብዙ ተወራለት። ትልልቆቹ ሁሉ በቴሌቪዥን እየወጡ በራሱ መሳቅ የሚችል ኢንዱስትሪ ጤነኛ ነው አሉ። ሬሽና ደግ ልብ ያላት ናት ተብላ ጋዜጣ ላይ ወጣች፤ ለኢንዱማቲም ራሷ ደውላ፣ «ታይ፣ ስስቅ ሆዴን አመመኝ» አለቻት፤ ሂንዲዋ አሁንም እንደዚያው ነው። የሃምሳ ዓመቱ ጀግና ካይዛድን ጠርቶ ለቀጣዩ ፊልም አስፈረመው፤ የኮሌጅ ተማሪ ሆኖ የሚጫወትበት የፍቅር ፊልም ነው። ፕራንጃል በሹፌር ጣፋጭ ላከ። ኢንዱማቲ ካርቶኑን ሳትከፍት ደረጃ ለምትጠርገው ሴት ሰጠቻት። የባብሊን ሳቅ ሰዎች የስልክ መጥሪያ አደረጉት። ባቡር ውስጥ፣ አትክልት ተራ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ከሰው ኪስ ውስጥ ይስቃል።

ኬታኪ አልተጣላቻትም። የግፊት መድኃኒቷን ትገዛላታለች፣ ሩዙ ማለቁን ትነግራታለች። ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ግን ናሺክ ከተማ ወዳለው የባንኩ ቅርንጫፍ ለመዛወር ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። እቃዋን ስታስር ኢንዱማቲ ብርድ ልብሱን ይዛ አጠፈችላት። ሁለቱም ጫፍ ጫፉን ይዘው፣ ተቀራርበው፣ ተራርቀው አጠፉት።

በበጋው ከካይዛድ ቢሮ ተደወለላት። ሁለተኛው ክፍል ሊሠራ ነው፣ ባብሊም አለችበት።

«አልስቅም» አለች ኢንዱማቲ። በሕይወቷ ሥራ ስትመልስ የመጀመሪያዋ ነው። ይለማመጡኛል ብላ ጠብቃ ነበር።

«እሺ ታይ፣ ችግር የለውም» አለ የደወለው ልጅ በትሕትና። «ሳቁ እኛ ጋ ተቀድቶ አለ፤ ያንኑ እንጠቀምበታለን። የደወልነው ለክብርዎ ብለን ነው።»

ለጋኔሽ በዓል ኬታኪ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስዳ መጣች። ፎጣው ሁልጊዜ ከሚሰቀልበት ተሰቅሎ እያየችው፣ «ይኼን ልጠቀም?» አለች። የጠጣችበትን ብርጭቆ አጥባ፣ አድርቃ አስቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ቦርሳዋን ስትዘጋ ኢንዱማቲ በሩ ላይ ቆማ፣ «ይቅር በይኝ» አለቻት። እስከዚያ ቀን ቃሉን አፏ ውስጥ ስታገላብጠው ነበር።

ኬታኪ ዚፑን ለቀቀችው። «ይቅር ብዬሻለሁ እማዬ። እሱ አይደለም» አለች። «ያንን ባለ ድንኳን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስረግመው ነበር። ራሴንም እንደዚያው። አሁን ማንን እንደምረግም ጠፋኝ። አንቺን መራገም አልፈልግም። ጊዜ ስጪኝ።»

«ስንት ጊዜ?»

«እኔ እንጃ» አለች ኬታኪ፤ እውነቷን ነበር።

ኢንዱማቲ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘቻት። «ስትደርሺ ደውዪ» አለቻት፤ «እደውላለሁ» አለች። ወደ ማታ ኬታኪ ደወለች። «ደርሻለሁ» አለች። ኢንዱማቲ ስለ መንገዱ ጠየቀች፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀች፤ ለሁለቱም አጭር መልስ አገኘች፤ ስልኩ ተዘጋ። ሳታስበው የሁለት ሰው ሩዝ ቀቅላ ነበር። የራሷን አወጣችና የቀረውን ለነገ ከደነችው።